ለብልህ አይነግሩም

‹‹‹ብልህ› ብቻማ አይበቃቸውም!›› አለች አልቃሿ ይርጋነሽ፣ ከሴቶቹ መሃል ቆማ። ድምጿ ሻክሯል። ‹‹ብልህማ ቢቸና ሙሉ ነው። ሌላ ቃል አምጡልኝ።››

‹‹ልበ ብሩህ በያቸው›› አለች አንዷ።

‹‹ነገር ከአፍ ሳይወጣ እሚገባቸው!››

‹‹ስርጉት፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ። ለአባትሽ እሚሆን ቃል አጣሽ?››

ስርጉት ከሰሌኑ ላይ ቀና አለች። ሞጣ ላይ አማርኛ ታስተምራለች። ‹‹አስተዋይ በያቸው፣ እትዬ ይርጋነሽ›› አለች። ‹‹ብልጥ ለራሱ ያያል። አስተዋይ ለሌላውም ያያል።››

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ይርጋነሽም ቃሉን ተቀብላ፣ ግጥም አበጅታለት፣ ደረቷን እየደለቀች ሄደች።

ሰልስት ነው። አባቷ አያ ሽታሁን ከተቀበሩ ጀምሮ ከደጃፋቸው ሰው አልጠፋም፤ በወረዳው ያላስታረቁት አልነበረም። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች በአንዲት በቅሎ ተካሰው ቢመጡ፣ ሁለቱንም ‹‹ጀርባችሁን አዙራችሁ ሂዱ›› ብለው በቅሎይቱን አዩ፤ ጆሮዋ ለተከተለው ሰው ፈረዱለት። ውሸት ከፊታቸው ቆሞ አያውቅም ይባላል።

ስርጉት ግን ቆማ ታውቃለች። ያውም እውነት ይዛ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አንድ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ታላቅ ወንድሟ ስጦታው ከጎረቤታቸው ከገብረ ክርስቶስ አውድማ እየሮጠ ሲወጣ አየችው። ወዲያው ከኋላው የጤፉ ክምር ጢሱ ተነሣ። ስጦታውና ገብረ ክርስቶስ በድንበር ተጣልተው ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው ግን በአምላኩ ላይ ነው። አምላኩ የገብረ ክርስቶስ ቅጥር አራሽ ነበር፤ ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ የመጣ፣ ዝምተኛ ጎልማሳ። ሊያስሩት ገመድ ሲያመጡ ስርጉት አላስቻላትም። ሽማግሌዎቹ ከዋንዛው ሥር በተቀመጡበት ገብታ ያየችውን ተናገረች።

ገብረ ክርስቶስ ራሱ፣ ‹‹አያ ሽታሁን ይፍረዱ›› አለ። ‹‹ልጃቸውን ከሳቸው በላይ እሚያውቃት የለም። በገዛ ልጃቸውም ቢሆን እውነት ይፈርዳሉ።››

አባቷ ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አዩት።

‹‹ይህች ልጅ አምላኩን ትወደዋለች›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹እሱን ለማዳን ወንድሟን ሰጠች። ዋሽታለች።››

አምላኩን ትወደው ነበር። ለሰው አልነገረችም፤ ለራሱ ለአምላኩም አልነገረችም። የደበቀችው ነገር በጉባኤ ፊት ሲወጣ አንገቷን ደፋች፤ ያ መድፋት እንደ ማመን ተቆጠረባት። አምላኩን የገብረ ክርስቶስ ወንድሞች ደበደቡት፤ ከአገር አባረሩት። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ እንደ ገደለው የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው። ድንኳን የጣለለት የለም። እሷም ‹‹ወንድሟን የሸጠች›› ተብላ ሞጣ አክስቷ ዘንድ ተላከች።

አባቷን ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጀባት። ተሳስተው ነው፣ አለች። መውደዴን አዩ፤ መውደዴ እውነቱን ጋረደባቸው። ብልህም አንድ ቀን ይሳሳታል። አንድ ጊዜ ሞጣ ሊጠይቋት መጥተው፣ ገና ከበሩ ሲገቡ ፊቷን አይተው ሳቁ። ‹‹ይቅር ብለሽኛል፤ አየሁት›› አሏት። ያን ቀን ደስ ብሏት እግራቸውን አጥባ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከጉንደ ወይን ወልደ ኪዳን መጡ። ከአባቷ ጋር ስንት ዘመን ሽምግልና የተቀመጡ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ስጦታው ደግፎ ከወንዶቹ መሃል አስቀመጣቸው። ስርጉት ንፍሮ ይዛ ስትገባ ወጉ ሞቆ ነበር።

‹‹የበቅሎይቱን ነገርማ ሁሉም ያውቀዋል›› አሉ ወልደ ኪዳን። ‹‹እኔ ግን ብልሃቱን ያየሁበት የጤፉ ክምር የተቃጠለ ጊዜ ነው።››

ስጦታው ሳለ።

‹‹ምን ያስልሃል? አባትህን እኮ ነው እማወድሰው! ገብረ ክርስቶስም አፈር ሆኗል፤ ማን ይከስሃል? ስንመለስ በመንገድ፣ ‹ሽታሁን፣ ልጅቱ እውነት ዋሸች?› አልኩት። ‹ስርጉት ተወልዳ ዋሽታ አታውቅም› አለኝ። ‹ታዲያስ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እውነት በውሸት አይመታም፤ እውነት እሚመታ በሌላ እውነት ነው። መውደዷ እውነት ነበር፤ በሱ መታኋት› አይለኝም!››

ድንኳኑ በአድናቆት ተነቃነቀ። ‹‹አይ አያ ሽታሁን!›› አለ አንዱ ጭኑን እየመታ። ‹‹ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም!››

ስርጉት ንፍሮውን አስቀምጣ ወጣች። ስጦታው ከጓሮ ደረሰባት።

‹‹ታውቅ ነበር?›› አለችው።

‹‹አባየ አውቆ እንዳዳነኝ? ዱሮ።›› ወደ ድንኳኑ ዘወር ብሎ አየ። ‹‹ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ሰው አለ። ያለፈ ነገር ነው። አሁን ሟች ላይመለስ…››

‹‹የትኛው ሟች?››

ስጦታው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ይቅርታዋን ሲያዩ የሳቁት ሳቅ ትዝ አላት። ተሳስተዋል ብላ ይቅር እንዳለቻቸውም አይተው ነበር ማለት ነው፤ አይተው፣ እንደዚያው ትኑር ብለው፣ እግራቸውን አሳጥበው ሄዱ። በሰሌዳ ላይ ብልጡን ከአስተዋዩ ለይታ የምታስተምር ሴት፣ አባቷን ከየትኛው እንደምትጽፋቸው ጠፋት።

‹‹ስርጉት!›› ይርጋነሽ ጠራቻት። ‹‹ነይ እንጂ፣ ልጅ አይደለሽ? አንድ ቃል በያቸው!››

ሴቶቹ መንገድ ከፈቱላት። ወንዶቹም ወደ እሷ ዘወር አሉ። መሃል ገብታ ቆመች፤ እንባ አልነበራትም። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደች፦

‹‹ሁሉን እያወቀ ሄደብኝ አባቴ፣
አምላኩ ይቀበለው ይኸው ነው ጸሎቴ።››

‹‹አሜን!›› አሉ ሴቶቹ፣ እግዚአብሔርን የጠራች መስሏቸው። ‹‹አምላኩ ይቀበላቸው!›› ይርጋነሽ ግጥሙን አነሣችው፤ ድንኳኑ ሁሉ ደጋግሞ ተቀበላት። ወልደ ኪዳን ብቻ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስጦታውም የብልህ ልጅ ነውና ገባው፤ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ፊቱን አዞረ።

ስርጉት ለአባቷ ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ነጠላ ፈታች። አራገፈችው። ከዚያ ድንኳን ላልተጣለለት ሰው፣ አጥብቃ፣ እንደ ገና ታጠቀች።