ከእማዬ የደረሰን

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ እንደሻው፣ ሐኪሟ ተናግራ ሳትጨርስ።

ሰናይት ዞር ብላ ታናሽ ወንድሟን አየችው። ጆሮዋን ማመን አቃታት። እሱ ግን የተናገረው ነገር እንዴት እንደሚሰማ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሳና መልሶ እዚያው አስቀመጠው።

እናታቸውን እመት አልጣሽን የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ሦስት ዓመት አልፏል። ባለፈው በጋ ለጥናት ተብሎ ከእናትም ከልጆችም ምራቅ ተወስዶ ነበር። ዛሬ ውጤቱ መጣ። ለበሽታው የሚያጋልጠውን ዘረ መል እህትና ወንድም ሁለቱም ከእናታቸው ወርሰዋል፤ እኩል። "ክብደቱ ግን እኩል አይደለም" አለች ዶክተር ናኢማ። "ያንኑ የያዘች ሴት ከወንዱ ይበልጥ ትጋለጣለች። በተለይ ስልሳዎቹን ስታጋምስ።"

እንደሻው ፈጣሪውን ያመሰገነው እዚህ ላይ ነበር።

"ለምን?" አለች ሰናይት። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

"በእርግጠኝነት አይታወቅም። የወር አበባ ሲቋረጥ ከሚመጣው ለውጥ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ጥናቱም በብዛት የተሠራው በሌላ አገር ሰው ላይ ነው። ይታመማሉ እያልኩዎት አይደለም፤ ይዘውት ምንም ሳይሆኑ የሚያረጁ ብዙ ናቸው።"

"ሴት ልጄስ?"

"ግማሽ በግማሽ ነው። ልትወርስም ላትወርስም ትችላለች። መመርመር አለመመርመሩን ግን የምትወስነው እሷ እንጂ እርስዎ አይደሉም።"

ሰናይት አሰላ ገበያ አጠገብ ምርጥ ዘር ትሸጣለች። ነገሩ ቶሎ የገባት ለዚህ ነው፤ ባይገባት ይሻላት ነበር። አንዱ የስንዴ ዘር ደጋው ዲክሲስ ላይ ጎተራ ይሞላል፤ ያው ዘር ወደ ቆላው ኦጎልቾ ሲወርድ ዋግ የሚባለው በሽታ ይመታዋል። ገበሬው ተቆጥቶ ሲመጣባት "ዘሩስ አንድ ነው፣ መሬቱን ጠይቀው" እያለች ስትመልስ ኖራለች። አሁን መሬቱ የገዛ አካሏ ሆኖ አገኘችው። ከሐኪም ቤቱ ደረጃ ወርደው መኪናው ውስጥ ገቡ።

"እታለም፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም" አለ መሪውን ይዞ። "ደግሞ ይሄ ምራቅ አይቶ መጪውን መናገር ምን ይባላል? አጥንት የሚቆጠረው በአባት ነው። አባታችን እስኪሞት የበሬዎቹን ሁሉ ስም ከነእናታቸው ይጠራ ነበር።"

"እሱን ለሐኪሟ አትነግራትም ነበር?"

እንደሻው ሞተሩን አስነሳ። አጥንት በአባት ነው የሚለው ነገር አያቶቻቸው ከሸዋ ጭነው ካመጧቸው ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ሌላው ዕቃ ሲያልቅ እሱ አላለቀም። ሰናይትም ብትሆን ሦስት ዓመት ሙሉ የተጽናናችው በዚሁ ነበር። የእናቷ በሽታ የእናቷ ነው፣ ከእናቷ ጋር ይቀራል ብላ ነበር። ተሞኝታ ነበር።

"አሁን የዛሬውን እንወጣ" አለ እንደሻው። "ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ይደርሳሉ። እማዬን ጎረቤት አስቀምጫት እመለሳለሁ። የሁሩታ ሰው መቼም ዘር ሳያጣራ ልጅ አይጠይቅም። እብደት አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ ይላሉ። አያቷን እንዲህ ሆነው ቢያዩ የልጅሽ የትንቢት ነገር አለቀ።"

ትንቢት የሰናይት አንድ ልጇ ናት። አባቷ ስለሞተ ሽማግሌ የሚቀበልላት አጎቷ ነው። ፍሰሐ የሚባለው የሁሩታ አስተማሪ ለጋብቻ ሽማግሌ የሚልከው ዛሬ ነው፤ እናትየውን ጎረቤት የመደበቁን ምክር ደግሞ ከሳምንት በፊት ሰናይት ራሷ ተስማምታበታለች። ያኔ ነገሩ ጨዋነት መስሏት ነበር።

ሽማግሌ ግን መቼ በቀጠሮው መጥቶ ያውቃል? ቤት እንደደረሱ እንደሻው የእናቱን ክንድ ይዞ ከግቢው ሲወጣ፣ ጋቢያቸውን የደረቡ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ገጠሙት። ከኋላ የነበረችው ሰናይት ደርቃ ቀረች።

"እንደምን ዋላችሁ?" አሉ እመት አልጣሽ፣ ድሮ እንግዳ በሚቀበሉበት በዚያ ድምፃቸው። "ግቡ እንጂ። በር ላይ ይቆማል?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመት አልጣሽ" አሉ የሽማግሌዎቹ አፍ አቶ ገብረ መድህን። "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም።"

"ጉዳያችሁማ ይታወቃል። ግን ሰናይት ገና ልጅ ናት። ትምህርቷን ትጨርስ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እንደሻው ሳቅ አለ። "እማዬ ጨዋታ ትወዳለች።"

አቶ ገብረ መድህንም ሳቁ። "እውነታቸውን ነው፤ ሰናይት መቼ አረጀች።" ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ፤ ሰናይት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ውሸቱ በራሱ እግር ቆሞ ሄደ። የሚጠበቅባት አብራ መሳቅ ብቻ ነበር። ፈገግ ልትልም ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር።

ያን ጊዜ ትንቢትን አየቻት። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ የቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ እሷም ትስቃለች። ዓይኗ አይስቅም፣ አፏ ብቻ ነው። አያቷ በተሳሳቱ ቁጥር ሰናይት በሰው ፊት የምትስቀውን ሳቅ ነበር የምትስቀው። ሰናይት ደነገጠች፤ ጠዋት ሐኪም ቤት ከደነገጠችው ይህኛው ባሰባት። ይህን ደግሞ ያወረሰቻት ራሷ ናት።

"ጨዋታ አይደለም" አለች።

"እታለም" አለ እንደሻው ቀስ ብሎ።

"እናቴ ታማለች። የመርሳት በሽታ ነው። እናንተ ሳታዩዋት ጎረቤት ልንደብቃት ነበር።"

አቶ ገብረ መድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግ ሰው ናቸው፤ መውጫ ሊሰጧት ፈለጉ። "እርጅና ነው፣ ልጄ። የሌለበት ቤት የለም።"

"እርጅና ብቻ አይደለም፣ አባቴ። የቀረውን ለእናንተ ከመናገሬ በፊት መስማት ያለባት ሰው አለች። ይቅርታ አድርጉልኝና ትንሽ ቁሙ።"

ሽማግሌ መቆም ልማዱ ነው፤ ቁም ተብሎ ግን አያውቅም። አንደኛው ከዘራውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። እንደሻው አንገቱን ደፋ፤ የእናቱን ክንድ ግን አልለቀቀም።

ሰናይት ግቢውን አቋርጣ ልጇን በእጇ ይዛ ጓዳ አስገባቻት።

"እማ፣ ምን ሆነሻል? ሰዎቹ እኮ ይሄዳሉ።"

"ይሂዱ። ተቀመጪ።"

ትንቢት ተቀመጠች። ከውጭ የእመት አልጣሽ ድምፅ ይሰማል፤ ሽማግሌዎቹን ግቡ፣ ግቡ እያሉ ይለምናሉ፣ ልጅቷ ብትሆን እሺ ማለቷ አይቀርም እያሉ።

"ዛሬ ጠዋት ስለ እኔ የተነገረኝን ልነግርሽ ነው" አለች ሰናይት። "ስለ አንቺ ያለውን አላውቅም። ልወቀው ካልሽ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ አልፈልግም ካልሽም አላስገድድሽም።"

ከዚያ በሩን ዘጋችው።