ለሁላችሁም ታስሬላችኋለሁ

መካኒኩ ለቅሶ ቤቱ ሲገባ ጆንያ የሚሉት ልጅ የያዘው የሻይ ብርጭቆ መዳፉ ውስጥ ተሰበረ። ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወረደ ሱሪው ላይ ተንጠባጠበ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከበሩ አላነሳም።

"እጅህን ክፈት" አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው እህቱ።

"ማን ጠራው?"

"ለቅሶ ጥሪ የለውም። እጅህን ክፈት አልኩህ።"

ጆንያ የተባለው እናታቸው ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ስላደገ ነው፤ አሁን ራሱም አንድ ሙሉ ጆንያ ያህላል። እህቱን ሰፈሩ "ሯጯ" ይላታል። ድሮ በሙገሳ፣ እግሯ ከተሰበረ በኋላ በሹፈት፣ ሰሞኑን ደግሞ በየትኛው እንደሆነ ሰፈሩ ራሱም ግራ ገብቶታል።

እግሯን የሰበረው ይኸው አሁን ወንበር የተሳበለት ሰውዬ ነው። ባሏ ነበር። ከወንዶች ጋር ምን ያሯሩጥሻል ብሎ በመኪና ማንሻ ክሪክ ዘንግ ቅልጥሟን አደቀቀው፤ አጥንቷ ዛሬም በብረት ነው የተያያዘው። አሁን ሽቶውን ተቀብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ "እግዜር ያጽናችሁ" ይላል። አክስታቸው ለቅሶ ቤት ጠብ ነውር ነው ብላ ሻይ አቀረበችለት። ሯጯ ያን ጊዜ አክስቷን ብታንቃት ደስ ባላት።

ለቅሶው የእናታቸው ነው፤ እሷ ብትኖር ሻዩ ፊቱ ላይ ነበር የሚደፋው። ዕድሜዋን በወፍጮ ሞተር አጠገብ ስለጨረሰች ጆሮዋ ደክሞ ነበር፤ ምስጢር እንኳ የምታወራው ጎረቤት እስኪሰማ ነው። ልጇ ሆስፒታል የገባች ዕለት፣ ዱቄቷን ሳታራግፍ፣ የወፍጮ ድንጋይ የምትወቅርበትን መዶሻ ይዛ ጋራዡ ድረስ ሄደች። የመካኒኩን ቀኝ እጅ የመኪና ኮፈን ላይ ጫን አድርጋ ይዛ ጣቶቹን ፈጨቻቸው። ከዚያ ፖሊስ እስኪመጣ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ፍርድ ቤት ትጸጸት እንደሆነ ሲጠይቋት "ምን አሉ?" እያለች ዳኛውን ደጋግማ አስጮኸቻቸው፤ ያልሰማው ጆሮዋ ይሁን ልቧ እስካሁን አልታወቀም።

ታስራ ስትወጣ ልጇን በክራንች ተደግፋ አገኘቻት። ሐኪሙ ጣይው፣ ትሄጃለሽ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ፈርታ እንደያዘችው ቀርታለች። እናትየው ክራንቹን ጉልበቷ ላይ ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በገመድ እየገረፈች አስሮጠቻት።

"እሱ አንዴ ሰበረሽ፤ አንቺ በየቀኑ ራስሽን ልትሰብሪ ነው? ሩጪ!"

ሯጯ እየተሳደበች ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ጉልበቷ እየደማ ትነሳለች። ጠልታት ነበር። አንድ ጠዋት ግን ግርፋቱ ቆመና ዞር ብትል፣ እናቷ ርቃ መሃል መንገድ ላይ ቆማ ታለከልካለች። ልትደርስባት አልቻለችም። ያን ቀን ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ጋራዡ መታጠፊያ ሲደርሱ ግን ሯጯ ሁልጊዜ ትመለሳለች፤ ልመናም ገመድም አላሳለፋትም።

የዱቄቱ ሳል አልጋ ላይ ከጣላት በኋላ እናትየው የሯጯን እጅ ያዘች። "ይሄን ወንድምሽን ጠብቂልኝ" አለቻት፤ ያን ቀን ብቻ በዝግታ ነበር የተናገረችው። "ደሙ የእኔ ነው፣ ቶሎ ይፈላል። ለሁላችሁም ታስሬላችኋለሁ። ሌላ ሰው እንዳይታሰር።"

መካኒኩ ሻዩን ፉት አለና ወደ ጓደኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልሰማውም። ወፍጮ ቤት ያደገ ልጅ ግን ሞተሩ ድምፅ ስለሚውጥበት ወሬ የሚይዘው ከከንፈር ነው። መካኒኩ ይህን አያውቅም፤ ዱቄቱ ልብሴን ያበላሻል እያለ የወፍጮ ቤቱን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሯጯ ከንፈሩን አነበበች።

"አሮጊቷ ሄደችልኝ። አሁን ያንን እግር እጨርሰዋለሁ።"

መካኒኩ ተነስቶ በግራ እጁ ሰው እየጨበጠ ወጣ፤ የመኪናው ሞተር ሲነሳ ተሰማት። ወደ ወንድሟ ስትዞር ወንበሩ ባዶ ነው።

"እጁን ሊታጠብ መስሎኝ" አለች አክስቷ። "ያንን መዶሻ ይዞ በጓሮ ወጣ። ለቅሶ ላይ ምን ሊወቅር ነው?"

ሯጯ ጫማዋን እዚያው አወለቀች። ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ በባዶ እግሯ ወደ ጋራዡ ሮጠች። ብረቱ አጥንቷን ይነዘንዘዋል፤ ጠጠሩ የውስጥ እግሯን ይቆርጠዋል። መታጠፊያው ላይ ጉልበቷ በልማዱ ሊመለስ ፈለገ። "ሩጪ!" አለች ለራሷ፣ በእናቷ አፍ፣ ጮክ ብላ፤ አለፈችውም። ወንድሟን ቀድማ ደረሰች። መካኒኩ ጆንያ መዶሻ ይዞ ሲመጣ አይቶ የጋራዡን የላሜራ በር ከውስጥ ጠረቀመው። እሷ ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

"ዞር በይ እትዬ" አላት ጆንያ።

"አልዞርም።"

"ያለውን አይተሻል አይደል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ዞር በይ!"

መዶሻውን አነሳና ከጆሮዋ ጎን በሩን መታው። ላሜራው ጎደጎደ። ደገመው። ከበሩ የተፈናጠረ የዝገት ቅርፊት ጉንጯን ቀደደው፤ አልተንቀሳቀሰችም። ውስጥ መካኒኩ ፖሊስ ጥሩልኝ ይላል። እሷም ብትሆን ዞር ብላ ያ ጭንቅላት ሲፈነከት ማየት አምሯታል። በጣም አምሯታል።

"እማዬ ለሁላችንም ታስራልናለች" አለችው። "ሌላ ሰው አይታሰርም። የሞተችው ይህን ብላ ነው። እኔን አልፈህ ከሆነ፣ ምታ።"

መዶሻው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ክንዱ ዝም ብሎ ወረደ።

ሰው ተሰብስቧል። ሯጯ ወደ በሩ ዞራ ላሜራውን በጡጫ ደበደበችው። "እግሯን እጨርሰዋለሁ ብለሃል! ይሄ ሁሉ ሰው ይስማ! ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ የምሮጠው በዚህ በር ነው። ወንድ ከሆንክ ሰው እያየህ ውጣ!" ድምፅዋ መንገዱ ማዶ ድረስ ሄደ።

ጆንያ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተዘርፍጦ ነበር። እናቱ ከሞተች ጀምሮ አንድ እንባ አልወጣውም፤ አሁን ትከሻው እየተናጠ፣ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፤ ንፍጡ ከንፈሩ ላይ ወርዷል። ሯጯ ፊቱ ተንበረከከች። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፣ ጫፉን አጥፋ አፍንጫው ላይ ያዘችለት።

"ተናፈጥ" አለችው።

ተናፈጠ።