ለቀብር በሰማንያ

"ስሜ ቬኒያና ነው፤ ከናሲኑ ነኝ። እነዚህን የሚኒባስ ሹፌሮች መንግሥት ይሰርልን!"

ቬኒያና በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው የፊት ወንበሩን መደገፊያ ይዛ ትጮኻለች። ድምፅዋ ከሚኒባሱ ሬዲዮ ትንሽ ዘግየት እያለ ተመልሶ ይመጣል።

"እትዬ ቬኒያና፣ እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱት" አለ የሬዲዮው አዘጋጅ።

"ጃግዲሽ፣ ቀንሰው! ... የእህቴ ልጅ ነው የሞተው፣ ሴፋናያ። ሃያ አራት ዓመቱ። ኩርባ ላይ፣ በመቶ ሃያ እየበረረ፣ አገዳ የጫነ መኪና ልቅደም ሲል። ነገስ የማን ልጅ ነው? ሕግ የለም ወይ? አመሰግናለሁ።"

ስልኩን ዘጋች፣ ሰዓቷን አየችና የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገች።

"አንተ፣ እስቲ ትንሽ ርገጠው። በዚህ አካሄድ ለቀብሩ ሳይሆን ለመቶኛው ቀን ተዝካር ነው የምንደርሰው።"

ዘመዶቿ ሳቁ። ጃግዲሽ አልሳቀም። መንጃ ፈቃዱ ላይ የቀረው አንድ ጥፋት ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ ለስድስት ወር መሪ አይጨብጥም።

"ሰማንያ ላይ ነኝ፣ አክስቴ። ሕጉ ሰማንያ ነው። አሁን በሬዲዮ ይሰርልን ያሉት እኔን አይደል?"

"አንተን መች አልኩ? ሹፌሮችን ነው ያልኩት።"

"እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ባለፈው ወር እኮ 'አንተ ትንቀራፈፋለህ፣ የሴፋናያ ሚኒባስ ይሻለኛል' ብለው ከዚሁ መኪና ወርደዋል።"

"ሟች አታንሳ" አለች ቬኒያና፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች።

የዘገዩት በልብሱ ምክንያት ነበር። ለቀብር ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ጨርቅ ያሰፋል፤ የዛሬው ወይን ጠጅ ላይ ነጭ አበባ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቁልፎቹን ጥቁር አድርጋ ብትመጣ ቬኒያና የሁሉንም አስነቅላ ነጭ አስተከለች። ዘመድ ያልሆነውን ጃግዲሽንም ሸሚዙን አስለውጣዋለች፤ ፎቶ ላይ መግባቱ አይቀርም ብላ።

ጭኗ ላይ በገመድ የታሰረ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዛለች። በወጉ መሠረት በሟቹ እናት ወገን ስም ይህን ጥርስ ለሐዘንተኞቹ የምታቀርበው እሷ ናት፤ ያውም ሣጥኑ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱ በፊት። ከዚያ በኋላ ብትደርስ የአባቱ ወገኖች ጥርሱን አመስግነው ይቀበላሉ፣ ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ያወራሉ። እነሱ የሚረሱ ሰዎች አይደሉም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ የቬኒያና ቤተሰብ ያቀረበው አሳማ ሳይበስል ነው የቀረበው እያሉ እስካሁን ያነሳሉ።

"ፌስቡክ ላይ ሦስት መቶ አርባ ሰው ጽፏል" አለ አፒሳይ ከኋላ ወንበር። የአጎቷ ልጅ ነው፤ በወጉ መሠረት ቀብርም ላይ ቢሆን እሷን የመተረብ ሙሉ መብት አለው። "አንዱ ሹፌሮቹ ይሰቀሉ ይላል። አንዱ ጥፋቱ የመንገዱ ነው ይላል። አንዱ የአገዳው መኪና ለምን ቆሞ አላሳለፈውም ይላል። አንዷ ደግሞ ያገለገለ ማቀዝቀዣ ትሸጣለች።"

"በስንት?" አለች አንዷ።

"ዝም በሉ!" አለች ቬኒያና። "ይኸው፣ ፖሊስ ደግሞ አስቆመን!"

መንገድ ዳር ፍጥነት መለኪያውን የያዘ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ጃግዲሽ ፊቱ አመድ መሰለ። ዳር ይዞ ቆመና መስኮቱን አወረደ።

"ሰማንያ ነበርኩ፣ ጌታዬ። እነዚህ ሁሉ ይመሰክራሉ።"

"ሰማንያ ነበር!" አሉ ሲያቻኩሉት የነበሩት ሁሉ በአንድ ድምፅ።

ፖሊሱ ወይን ጠጁን ልብስ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። "የሴፋ ዘመዶች ናችሁ? ኮርፖራል ኢሊሶኒ እባላለሁ። ራግቢ አብረን ነበር የምንጫወተው። ተረኛው ሊቀይረኝ መጥቷል፤ ከቻላችሁ ለቀብሩ አድርሱኝ።"

ከጃግዲሽ ጎን ገብቶ መለኪያውን ጭኑ ላይ አደረገ። አምስት ደቂቃ ያህል በሰማንያ ተጓዙ። ከዚያ ኮርፖራሉ ሰዓቱን አየ፣ የፍጥነቱን ቆጣሪ አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ።

"ይቅርታ፣ ይቺ መኪና ችግር አለባት?"

"የለባትም፣ ጌታዬ።"

"አይ፣ ቀብሩ እንዳያመልጠን ብዬ ነው። እስከ መንደሩ ሌላ መለኪያ የለም። ያለው ይኸው ጭኔ ላይ ነው።"

ሚኒባሱ በጩኸት ተናወጠ። "ሰማህ? ፖሊሱ ራሱ ፈቀደልህ!" አለች ቬኒያና። "አሁን ምን ቀረህ?"

"ፖሊሱ ይወርዳል፣ አክስቴ፤ መንጃ ፈቃዱ ግን የእኔ ነው" አለ ጃግዲሽ። ቆጣሪው ሰማንያ ላይ እንዳለ ቀረ።

ቬኒያና ሌላ ስድብ እያዘጋጀች ሳለ ከኋላ የመኪና ጡሩምባ ተንጫረረ። ጃግዲሽ ዳር ያዘ። አበባ የተጫነበት ጥቁር ረጅም መኪና በጎናቸው እየበረረ አለፋቸው፤ ነፋሱ ሚኒባሱን ገፋ አደረገው። የሴፋናያ ሣጥን ነበር። ከሬሳ መኪናው ኋላ ስምንት መኪና ተከትሎ እየበረረ አለፈ፤ ሁሉም እጃቸውን እያወጡ ለጃግዲሽ "ዞር በል!" የሚል ምልክት ያሳያሉ።

ኮርፖራሉ ልማድ ሆኖበት መለኪያውን አንስቶ ነበር።

"ስንት ይላል?" አለ አፒሳይ።

"መቶ አሥራ ስምንት።"

"ሴፋ ራሱ ነው የሚነዳው ማለት ነው" አለ አፒሳይ።

ሁሉም ሳቁ፤ ቬኒያናም ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። የሴፋን ሚኒባስ ስታወድስ የኖረችው እሷ ናት። ከሱቫ ከተማ ተነሥቼ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መንደር ያደርሰኛል እያለች ለሠፈሩ ሁሉ አውርታለች። እሱም ይህን ሲሰማ ጥርሱ አይከደንም ነበር።

"ቁም" አለችው ጃግዲሽን።

"ምን አደረግኩ?"

"ምንም። ቁም።"

ሲቆም ከሰልፉ ወደ ኋላ የቀረች አንዲት ፒካፕ መጥታ አጠገባቸው ጥጉን ያዘች። መሪው ላይ ያለው ማሲ ነው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው።

"ትንሿ እማ!" ብሎ ጮኸ፤ የእናት እህት የሚጠራው እንዲህ ነው። "ጥርሱን ይዘሽ ነይ! እነሱ ይምጡ፣ አንቺን ሳጥኑ ሳይገባ አደርስሻለሁ!"

"ሂጂ፣ ሂጂ!" አሉ ዘመዶቿ። "ቢያንስ አንቺ ድረሺ!"

ቬኒያና ወረደች። ወደ ፒካፑ ሄደች፤ ማሲ ጎንበስ ብሎ በሩን ከውስጥ ከፈተላት። አልገባችም። ዞራ እጇን በእሱ በኩል ባለው መስኮት አስገብታ ሞተሩን አጠፋችና ቁልፉን ነቀለች።

"ምን ሆነሻል?"

"ውረድ።"

"ሳጥኑን የምሸከመው እኔ ነኝ እኮ!"

"ይጠብቅሃል። እሱ ከእንግዲህ አይቸኩልም። ውረድ ብዬሃለሁ፣ ማሲ።"

ልጁ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ወረደ። ኮርፖራሉ ማንም ሳያዘው ከፊት ወንበር ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት። ቬኒያና የፒካፑን ቁልፍ በኮርፖራሉ መዳፍ ላይ አኖረች።

"ከኋላችን" አለችው። "ከኋላችን ነው ያልኩህ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

"አክስቴ" አለ ጃግዲሽ ቀስ ብሎ፣ "አይደረስም እኮ። የአባቱ ወገኖች..."

"ያውሩ። ንዳ።"

ሚኒባሱ ተነሣ። ማሲ ዞሮ ወደ ኋላ አየ፤ ኮርፖራሉ ፒካፑን እንደ እንቁላል እየያዘ ይከተላቸዋል።

"ትንሿ እማ፣ የለቅሶው ምግብ በሙሉ እዚያ መኪና ላይ ነው! አምስት አሳማ! እንግዶቹ ምን ይበላሉ?"

"እስክንደርስ ይጹሙ" አለች ቬኒያና።