በእህት ክፍል ያለው ራውተር

«አካፋውን ጣልና ወደዚህ ና፣ አንተ!»

ሞሴሴ አሳማው እንዲበስል ከተቀበረበት የምድር ምድጃ ላይ ቀና አለ። አባቱ ሰሚሲ ከተቀበሩ ገና ቅርብ ነው፤ እሱም ለቀብሩ ከኒውዚላንድ መምጣቱ ነው። በሐዘን ቤት የወንድ ልጅ ቦታው ጓሮ ነውና ለሐዘን ወገቡ ላይ ያሰረው የተቦጫጨቀ ምንጣፍ በአመድ ነጥቷል። የጠሩት የአባቱ ታላቅ እህት ቶአካሴ ናቸው። ቶንጋ ውስጥ የአባት እህት ተቆጥታ ስትጠራ የሚዘገይ ሰው የለም።

«እህትህ ምን አለች መሰለህ? ‹ወንድሜ ኦክላንድ ተቀምጦ መኝታ ቤቴን ያያል› አለች። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ!»

«እኔ? ማነው እንዲህ ያላት?»

«ሎሴሊ ናታ፣ የአጎትህ ልጅ! አንተን ማሞገሷ ነው እኮ። ‹የመሌሲኒ ስልክ መቼ ቤት እንደገባ ሞሴሴ ኒውዚላንድ ሆኖ ያውቃል› ብላ አፏን ከፈተች። እውነት ነው ውሸት?»

ሞሴሴ አመዱን ከእጁ አራገፈ። «ስልኩ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ስሙ ይመጣል። ሌላ ነገር አላይም።»

«ስሙ ይመጣል! ከእህትህ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠህ ፊልም እንኳ ማየት የማይፈቀድልህ ሰውዬ፣ እሷ መኝታዋ መግባቷን ታያለህ? አታፍርም?»

አፍሯል። መሬት መሬት ያይ ነበር።

ነገሩን የጀመሩት ሟቹ ናቸው። ገመዱ ወደ ቤት የሚገባው በእህቱ በመሌሲኒ መስኮት ስለሆነ ራውተሩ የተሰቀለው እሷ ክፍል ነው። ወንድም ደግሞ በቶንጋ ወግ የእህቱን ክፍል ደፍ አይረግጥም። ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቁጥር ሰሚሲ ይገቡና ደህናውን ገመድ ነቅለው፣ የተበላሸውን ትተው ይወጡ ነበር። ሞሴሴ ኦክላንድ የኔትወርክ ሥራ ሲያገኝ «እዚያው ሆነህ የምታስተካክልበት ዘዴ ፈልግ» አሉት።

ፈለገ። ራውተሩ ጀርባ ላይ የታተመውን የይለፍ ቃል ቀየረ። መቆጣጠሪያ ገጹን ከውጭ ማንም እንዳይከፍተው ዘጋ፤ ቪፒኤን የተባለውን ስውር መንገድ ዘርግቶም የእሱ ላፕቶፕ ውስጥ ባለው ቁልፍ ብቻ እንዲገባ አደረገ። የዓለምን ሌባ ሁሉ አሰበ። እህቱ ክፍል የገባው እሱ ራሱ መሆኑን ግን አላሰበም።

ከዚያ ወዲህ ምሽት ላይ አባቱ ይደውሉለት ነበር። «ይሄ ኢንተርኔት ዛሬም አስቸገረ።» ሞሴሴ ገብቶ ሲያይ ምንም አልሆነም። ሰሚሲ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እግረ መንገድህን... የእህትህ ስልክ ገብቷል?» ይላሉ። መሌሲኒ ከሆስፒታል ሥራዋ ብቻዋን እየነዳች ትመጣና በጓሮ በር ገብታ ትተኛለች፤ በሯን ቢያንኳኩ «ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብላ ትቆጣለች። «ገብቷል» ሲባሉ የበረንዳውን መብራት አጥፍተው ይተኛሉ።

«ማን አዘዘው ብላለች» አሉ ቶአካሴ።

አባቴ ቢል ይተርፋል። ግን የአባቱ መቃብር አፈሩ እንኳ አልደረቀም። «እኔው ነኝ» አለ።

«እንግዲያው አሁኑኑ ዝጋው! ደግሞም ከዛሬ ወዲያ ይህን ቤት እንዳትረግጥ። ‹የሚያገናኘን አባታችን ነበር፤ እሱም ሄዷል› ብላለች።»

ይህ ነው ያንገበገበው። እድሜ ልካቸውን የሚነጋገሩት በአባታቸው በኩል ነበር። ሰላምታው፣ የልደት ስጦታው፣ ኩርፊያው ሳይቀር በሰሚሲ አፍ ነው የሚያልፈው። አሁን እህቱንም ሊቀብር ነው።

ላፕቶፑን የጎደሬ ጆንያ ላይ አስቀምጦ ገባ። ስልኮቹ ስማቸው ተደርድሯል፤ «የአባባ ስልክ» የሚለው ደብዝዟል። ቁልፉን ሰረዘ። ቪፒኤኑንም አጠፋ። ገጹ ተዘጋ፤ ከእንግዲህ ከኦክላንድ ወደዚህ ቤት የሚያስገባ መንገድ የለውም።

«የይለፍ ቃሉን እሷ ትቀይረው፤ እኔ እንዳላውቀው» አለ። ቀጥሎ ሳያስበው አመለጠው። «መብራቱን ግን ማን ያጠፋዋል?»

«የምን መብራት?»

ላፕቶፑን ከደነ። ቶአካሴ አጥር ለአጥር ጎረቤት ናቸው። የወንድማቸው በረንዳ ልጅቷ እስክትገባ ሲበራ ስንት ዓመት አይተዋል።

«ያዘዘህ ሰሚሲ ነው፣ አይደል?»

ሞሴሴ ጎንበስ ብሎ አካፋውን አነሳ።

«አንተ ጅል! ሰው ሞቶም ይቀየማል ብለህ ነው?» ብለው ምንጣፋቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ገቡ። መጀመሪያ የመሌሲኒ ቁጣ ተሰማ። ኋላ ቁጣው ተቋረጠና አባቷን እየጠራች አለቀሰች።

አመሻሹ ላይ መሌሲኒ አበባ ይዛ ብቻዋን ወደ መቃብሩ ነዳች። በጓሮው ስታልፍ ቀናም አላለች። ቶአካሴም ምን እንዳለች አልነገሩትም፤ «ድስቱን በደንብ እሸው!» ብለው ጮኹበት እንጂ። እሱም ነገ ጠዋት ለመሄድ ቆርጦ ድስቱን አሸ።

ሲጨልም ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ቁጥር ነው። በሕይወቷ ለእሱ መልእክት ልካ አታውቅም።

«ገብቻለሁ» ይላል።

ሞሴሴ እጁን ምንጣፉ ላይ ጠረገ። ወደ በረንዳው ወጣና በርቶ የቆየውን መብራት አጠፋ።