ከቀዩ ሥር ያለው ሰማያዊ

«አሮጌ ብረት አንገዛም፣ ልጄ» አለኝ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ገና ከበሩ ሳልገባ።

«ልሸጠው አይደለም» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደግሜ ተናገርኩ። «የአባቴ ነው። ሲገዛው እንደነበረው እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ አትይም! ላባርርሽ ነበር እኮ» ብሎ ሳቀና ብስክሌቱን ገለበጠው። ከፔዳሉ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ አነበበ። «ይኼ በዕድሜ አንቺን በብዙ ይበልጥሻል። ያኔ ደግሞ ጥቁር ብቻ ነበር የሚመጣው።»

እርግጠኛ ለመሆን ብረቱን አንድ ቦታ ላይ በምላጭ ፋቀው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥቁር ወጣ።

ቀዩ የእኔ ነው፤ አረንጓዴው የታላቅ ወንድሜ። አባቴ ልጅ ሲወለድለት ብስክሌቱን አዲስ ቀለም ይቀባ ነበር። እናቴ «ለሕፃኑ ልብስ ግዛ ብለው ለብረቱ ልብስ ገዝቶ መጣ» እያለች ትስቅበታለች። ሰማያዊውን ግን አላውቀውም።

አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱም ተይዞ ተኝቷል። ሐኪሙ ብዙ እንዳንጠብቅ ነግሮናል። የወጣትነቱን ብስክሌት አይቶ አንዴ ፈገግ ቢልልኝ ብዬ ነበር።

«ቀለሙን እስከ ጥቁሩ ያውርዱልኝ» አልኩ።

ቤት ገብቼ ከእናቴ ጋር አንሶላ ስናጥፍ ስለ ሰማያዊው ጠየቅኋት። እጇ ቆመ።

«ካንቺ በፊት አንድ ነበር» አለች። «አባትሽ ችኩል አይደል? እኔ ሆስፒታል ሳለሁ ቀብቶ ጨረሰ። እኔ ባዶ እጄን መጣሁ። ‹በል አረንጓዴውን መልስ› ብለው ‹እሱም ልጄ ነው› አለኝ። አንቺ ስትወለጂማ ዓመት እስኪሞላሽ ብሩሽ አልነካም።»

በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት ደረስኩ። ጠጋኙ በሩን ሲከፍተው ብረቱ ራቁቱን ተሰቅሏል። ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ፍርፋሪ ከመጥረጊያው አጠገብ ተከምሯል።

«ጥቁሩም ተበልቶ ስለነበር አብሬ አወረድኩት። ዛሬ አዲስ እቀባዋለሁ» አለ ደስ ብሎት። «የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት።» የመቀመጫውን ማያዣ ዘይት አጠጥቶ ፈታው። አባቴ ቀዩን ሲቀባ ማያዣውን ሳይፈታ አልፎት ኖሮ፣ ከሥሩ የጣት ቀለበት ያህል ሰማያዊ ቀርቷል።

«ላጽዳት?»

«ይተዋት፣ ጋሼ። እባክዎ።»

አየት አደረገኝና ማያዣውን መለሰው።

ብስክሌቱ አልቆ አልጋው አጠገብ ስናቆመው አባቴ ፈገግ አላለም። በደህናው እጁ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ብረት ላይ ታች ዳበሰው፤ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። እናቴ አየችኝ።

መፍቻ አምጥቼ ማያዣውን አላላሁና ወደ ላይ ሳብኩት። አባቴ አውራ ጣቱን ሰማያዊው ላይ አሳረፈ፤ አላነሳውም። እናቴ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን በእጁ ላይ ደረበች።

እኔ መፍቻውን ይዤ ወጣሁ።