በሚካኤል ቀን የማልፍባቸው ደጆች

የሰደበኝ ቸሬ ነው። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል 2003 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት አልፎ፣ ቦታው አይናለም ቤት፣ የማኅበሩ ዳቦ ተቆርሶ ጠላው ሁለተኛ ሲዞር። ቸሬ ከምሰሶው በስተቀኝ ተቀምጧል፤ የያዘው ዋንጫ ከግማሽ ጎድሏል። ያለው ይህን ነው፤ «ተዉት፣ ከእምቢታ ሌላ ምን ሀብት አለው?» ስድስት ቃል ናት። ከእኔ በቀር ያልሳቀ የለም። ቄስ ማሞ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

ነገሩ የተነሳው ከሹመት ነው፤ ሹመት ከተባለ። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ተራ የሚያሲዘውና የተጣላ የሚያስታርቀው ሰው፣ አርጅቶ ይብቃኝ አለ። ምትክ ሲፈለግ ቄስ ማሞ ወደ እኔ ዞረው «አገኘሁ ይሁንልን» አሉ። ልቤ ዘለለ። ሙሴነቱን እፈልገው ነበር፤ ዛሬ መዋሸት ምን ይረባኛል። አባቴ ተመኝቶት ሳያገኘው ነው የሞተው። ግን እፈልጋለሁ አይባልም። የጋይንት ሰው ሲሰጡት ወዲያው እጁን አይዘረጋም። የመጀመሪያው እምቢ እምቢ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ሁለተኛው፣ የሚለምንህ ሰው ከልቡ መሆኑን ማያ ነው። ሦስተኛው ላይ ራስህን ነቅነቅ አድርገህ «እንግዲህ ስለ ሚካኤል ብዬ» ትላለህ። እኔም እንደ ደንቡ፣ «ኧረ እኔ አልበቃም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አልኩ፤ ሁለተኛውን ለመስማት ጆሮዬን አዘጋጅቼ። ቸሬ ያን ጊዜ ነው ያቺን የተናገረ።

ቀጥለው ይበልጣልን ጠየቁት። እሱም እምቢ አለ። እሱን ግን ሦስት ጊዜ ለመኑት፤ አራተኛም ጨመሩለት። ዋንጫዬን ሳልጨርስ መሬት አስቀምጬ፣ ከብት ልመልስ ብዬ ወጣሁ። አይናለም እስከ አጥሩ ተከትላኝ «ኧረ አገኘሁ፣ በሚካኤል ተመለስ» አለችኝ። እርምጃዬን ቀነስኩ። ከውስጥ ሰው ጠራት መሰለኝ፣ ተመልሳ ገባች። ሌላ ሰው አልወጣም።

በታኅሣሥ ቀረሁ። የቀረሁት መጥተው እንዲወስዱኝ ነው። በማኅበሩ በጎኔ ይቀመጥ የነበረው ካሣሁን፣ ነፍሱን ይማርና፣ በማግሥቱ መጥቶ ምነው ቀረህ ቢለኝ አሞኝ ነው አልኩት። እግዜር ይማርህ ብሎኝ ሄደ። አመነኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ያምናል? በጥርም ቀረሁ፣ በየካቲትም። ተራዬ ሲደርስ ጽዋውን ለሌላ ሰጡት፤ በዓመቱ ቦታዬንም ሌላ ሰው ያዘው። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ከሰባት ወር።

ከዚያ ወዲህ ሚካኤልን የማከብረው ቤቴ ነው። ሚስቴ የሻረግ ትንሽ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች። ዳቦውን ይዤ እንደ ማኅበሩ «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» እላለሁ፤ እሷ አሜን ትላለች። አንድ አሜን ቤት አይሞላም። እሷም ታውቀዋለች፤ አንዳንዴ ሁለቴ ትለዋለች።

ቀምሰን ስንጨርስ መንገድ ይመጣብኛል። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን የማላገኘው ጉዳይ የለም፤ ገመድ መዋስ፣ የጠፋ በግ መፈለግ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ደርሶ መመለስ። መንገዱ ሁልጊዜ በተረኛው ደጅ ያልፋል። ተራቸውን ከእነሱ የበለጠ አውቀዋለሁ፤ መስከረም ይበልጣል፣ ጥቅምት ጽዮን፣ ኅዳር አይናለም። ከደጁ ስደርስ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ጫማዬ ላስቲክ ነው፣ ክር የለውም። ጎንበስ ላለ ሰው ግን ብዙ ይሰማል። ማን እንደሚያወራ፣ ሳቁ የማን እንደሆነ፣ ቄስ ማሞ የትኛውን ወሬ ለስንተኛ ጊዜ እንደጀመሩት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ፣ በ2009 የጥር ሚካኤል፣ ስሜን ሰማሁ። «አገኘሁ ቢኖር ይህን ይጨርሰው ነበር» አለ አንዱ። ስለ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ስለ ጠላም ሊሆን ይችላል። ያቺን ይዤ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

እርሻ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ቦራንና ጉራችን ጠምጄ ፈር ስይዝ ቸሬ ይመጣል፤ በሐሳቤ ማለቴ ነው። ድንጋይ በትከሻው ተሸክሟል፣ ሽማግሎች ከኋላው ናቸው። አንዴ ይለምነኛል፣ ዝም እላለሁ። ደግሞ ይለምነኛል፣ ወደ ሰማይ አያለሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብዙ ጊዜ ፈሩ ያልቅና በሬዎቹ ይቆማሉ። ለምን እንደቆምን ሳላውቅ ሦስታችንም ቆመን እንቀራለን።

ልጄ አዜብ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሰው ጠባይ የሚባል ትምህርት ትማራለች። እሷ ሳይኮሎጂ ትለዋለች። ለበዓል ስትመጣ እናቷ ይህን ሁሉ ነግራት፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ኢጎ ነው» አለችኝ። ምንድን ነው ብላት ብዙ ነገር አስረዳችኝ። በእኛ ዘመን ስሙ ክብር ነበር አልኳት። ሳቀች፤ ቆይታ ደግሞ፣ ቂም የሚይዝ ሰው የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ነው አለች። ይህን ከደብተሯ ታምጣው ከራሷ አልጠየቅኋትም። እኔ ግን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሰውዬ ከእሷ በፊት ደርሼበታለሁ። ስድቡን ጠብቄ የያዝኩት ስለምጠላው ብቻ አይደለም። ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። እሱን ሳነሳ ቤቱ ሙሉ ይመጣልኛል፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ መቀመጡ፣ የጌሾው ሽታ፣ በጎኔ የነበረው የካሣሁን ሙቀት። ቸሬን ይቅር ብዬ ብተወው ያ ቤት በምን ትዝ ይለኛል?

ካሣሁን ዘንድሮ በሚያዝያ ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜ አፈር መልሻለሁ፤ ሞት ላይ አልኮራም። ግንቦት ሲያልቅ ቄስ ማሞ በትራቸውን እየተመረኮዙ እኛ ቤት መጡ። መስቀል አሳለሙን፣ ውሃ ጠጡ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። የካሣሁን ቦታ ባዶ ነው፣ ማኅበሩ አንተን ብሏል አሉኝ። የሰኔ ሚካኤል ተረኛ ቸሬ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ደጅ ወጥቶ እንደሚያስገባኝም ነገሩኝ።

የጠየቅኋቸው ግን ሌላ ነው። ስሜን መጀመሪያ ያነሳው ማን ነው? አንቱ ነዎት ወይስ ቸሬ? ቸሬስ ሲሰማ ቶሎ ነው እሺ ያለው ወይስ ቆይቶ?

ቄሱ ወደ የሻረግ ዞሩ። «ልጄ፣ በሩ ተከፈተ ብዬ ብመጣ ባልሽ ማን ከፈተው ይለኛል።»

«እኔንማ አንቱ፣ ምሳ ቀረበ ስለው ማን አቀረበው ይለኛል» አለች።

ቄሱን ሸኝተን ስንመለስ ግን ፊቷ ሌላ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ስለራሷ አላነሳችም። የዚያን ዕለት ምሰሶውን ይዛ ቆማ፣ «እኔም እኮ አብሬህ ወጥቻለሁ» አለች። «አሥራ አራት ዓመት። እኔን ማን ሰደበኝ?»

የምትፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ እንደ ድሮው ተረኛ ስንሆን አይናለምና ጽዮን ጌሾ ሊወቅጡላት፣ ዱቄት ሊነፉላት እንዲመጡ። ብቻዋን የጠመቀችውን ጠላ ብቻዋን ስትሸከም ነው የኖረችው። ከዚያ ለስለስ አለች። «አንዴ ከጠራህ ግባ። ሁለተኛውን እኔ እዚህ ሆኜ እጠራልሃለሁ።»

ሰኔ አሥራ ሁለት ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የወጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የታጠበውን ጋቢዬን አጣፍቼ ተነሳሁ። ሰማዩ በጉና በኩል ጠቁሯል። የተዘራው ገብስ ገና ሁለት ጣት አልሞላም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እየሄድኩ እሺን ተለማመድኩ። እሺ። እሺ ወንድሜ። እሺ፣ ስለ ሚካኤል። ሰው ሲመጣ ዝም እላለሁ፣ ሲያልፍ እንደገና እጀምራለሁ። እንደ ተዋስኩት ልብስ አልመችህ አለችኝ፤ ቢሆንም ለበስኳት።

ቸሬ በሩን ከፍቶ ቆሟል። በቀብርና በገበያ ከሩቅ አየዋለሁ፤ እንዲህ በቅርብ ግን ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ጥርሱ ሳስቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ድንጋይ አልተሸከመም። በእጁ የጠላ ማንቆርቆሪያ አለ፤ እየቀዳ ሳለ አይቶኝ ማስቀመጡን ረስቶ የወጣ ይመስላል።

«እንደምን ዋልክ አገኘሁ» አለ። «ግባ።»

ከዚያ በላይ አልጨመረም።

እግሬ ሊነሳ ነበር። በሚካኤል፣ ሊነሳ ነበር። አፌ ቀደመው። «አይ፣ ለማለፍ ነው» አልኩ። አሥራ አራት ዓመት በየደጁ ላገኘኝ ሰው ሁሉ ስለው የኖርኩት ነው፤ ራሱ ወጣ።

ቸሬ አልሳቀም። ማንቆርቆሪያውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ያን ጊዜም እንዲህ ነው ያደረግኸኝ» አለ።

የትኛው ጊዜ አልኩት።

«ልጄ ምስጋናው አርባ ቀን ሊሞላው ሲል። ክርስትና አንሳልኝ፣ አበልጅ ሁነኝ ብዬ ደጅህ መጣሁ። እኔ አልበቃም፣ ሌላ ሰው ፈልግ አልከኝ።»

ረስቼው አልነበረም። ጥቅምት ነው፣ ከዚያ ከኅዳሩ ሚካኤል አንድ ወር ቀደም ብሎ። ዱላውን ከአጥራችን አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁሉ መርጦ እኔን ማለቱ ደስ ብሎኝ፣ የሻረግን ለልጁ ነጠላ ፈልጊ ብያት ነበር። በማግሥቱ እስኪመለስ ደጅ ደጁን አየሁ። ሳምንት ሳይሞላ ይበልጣል ክርስትና አነሳው ሲሉ ሰማሁና በቸሬ ቂም ያዝኩበት። የእሱን ስድብና የእኔን እምቢታ ግን አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸው አላውቅም።

«ጨዋነት ነበር እኮ» አልኩት። «ሁለተኛ ብትመጣ ኖሮ…»

«እኔ በምን ልወቅ? ገብቼ ለእናቱ ለሐረገ ወይን ናቀን አልኳት። አራስ ናት፤ አለቀሰች።» ወደ መሬት አየ። «ኅዳር ላይ የተናገርኩህን በጠላ አላሳብብም። አውቄ ነው ያልኩህ። ከአፌ እንደወጣ ደግሞ ጸጸተኝ። ነገ ይመጣል፣ ይሰድበኛል፣ ይቀለኛል እያልኩ ጠበቅሁህ። ጠበቅሁህ፣ ቀረህ።»

ከውስጥ አይናለም፣ ቸሬ ጠላውን ይዞ ኮበለለ እያለች ስታስቃቸው ተሰማ። እሱ አልዞረም። በትከሻው ላይ አሻግሬ ቤቱን አየሁ። በእሷና በጽዮን መካከል የበግ አጎዛ ተነጥፏል፤ የተቀመጠበት ሰው የለም።

«እንግዲህ አሁን ምን ብዬ ልጥራህ?» አለኝ። ነገር አልነበረበትም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «አንተ ንገረኝና እንዳልከኝ እልሃለሁ። ሦስት ጊዜም ካልክ ሦስት ጊዜ። ምን ልበል?»

ምን እንዲለኝ እንደምፈልግ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ስንት ክረምት በፈር ላይ ያስባልኩት ነው። ግን ከነገርኩት የእኔው ቃል ሆኖ ይቀራል፤ የራሴን ቃል በእሱ አፍ መስማትማ እርሻም ላይ እሰማዋለሁ። የፈለግሁት እንዲፈልገኝ ነው፣ ያውም ሳልነግረው። ይህን ለሰው እንዴት ብለው ይነግሩታል? «ና ካልከኝ ይበቃል» ልል አፌን ከፈትኩ። ብሎኛል እኮ። ና ብሎኛል፣ ግባ ብሎኛል፣ አሁንም ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

አፌን ዘጋሁ። ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መለስ አድርጌ ዞርኩ። ዝናቡ ጀመረ። ቸሬ በሩን ሲዘጋው ልስማ ብዬ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ ነበር የምራመደው፤ ዳገቱን ወጥቼ እስክጨርስ አልዘጋውም።