የመሳይ ባጊ

ዘንድሮ ማኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ጋሽ ታረቀኝን ሳታሳይ እንዳትገዛ» ይባባላሉ አሉ። እኔም ምን አደርጋለሁ፣ መነጽሬን አድርጌ እወጣለሁ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብላ ባለችው ጋራዤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም። ስሜን ያስጠራው የእህቴ ልጅ መሳይ ነው። ባይጠራ ይሻለኝ ነበር።

መሳይ አባቱ የሞተው በስድስት ዓመቱ ነው፤ ያደገው እኔ ግቢ ነው። እናቱን አፀደን ይዞ ወደ ላይ ቤት የተከራየው ገና አምና ነው። ሥራው እንጦጦ ላይ እንግዳ ማስጎብኘት ነበር፤ በእግሩ ሲወጣ ሲወርድ ከረመና አንድ ቀን «ጋሼ፣ ባጊ ልገዛ ነው» አለኝ። ባጊ የሚሏት በር የሌላት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የምታስቀምጥ፣ ዙሪያዋን በብረት ቱቦ የታጠረች የተራራ ማኪና ናት። እንግዳ አሳፍሮ በባሕር ዛፉ መሃል በአቧራው መንገድ ሊያመላልስባት ነው። ከቤዛዊት ጋር ቀለበት አስረዋል፤ የሠርጉም የኑሮውም ተስፋ ባጊዋ ላይ ነበር። «እርስዎ ሳያዩልኝ አልገዛም» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሻጩ ጉልላት ይባላል፤ አዲሱ ገበያ ጀርባ ሰፊ ግቢ አለው። ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞቋል። ሞተር አሙቆ የሚጠብቅህ ሻጭ፣ ጠዋት በብርዱ ሲነሳ የሚያሰማውን ጉድ እየደበቀህ ነው። «ማነው ያሞቃት?» ስለው «ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው፣ እንዳይጉላሉ» አለኝ። ለኔ ክብር ሞተር ይሞቃል እንዴ? አጥፋው አልኩትና እስኪበርድ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመርኩ።

አሁን ለሚመጣው ሁሉ የምለፈልፈውን ያን ቀን ለመሳይ አንድ በአንድ አሳየሁት። የአየር ፊልትሮዋን ስከፍት ከውስጥ በኩል አቧራ ተጋግሯል፤ እንጦጦን ያህል አቧራ የጠጣ ሞተር ዕድሜ የለውም። ይህች ማኪና ጉልበቷን ወደ ጎማ የምትልከው በላስቲክ ቀበቶ፣ በቺንጋ ነው፤ ቺንጋዋን አውጥቼ ስገለብጣት ጠርዟ ተልጧል፣ አንድ ቦታ ላይ ተቃጥላ ጠቁራለች። መሳይ ሄዶ ባመጣው ክሪክ አንስቼ የኋላ ጎማዋን ሳወዛውዘው ተንቀጫቀጨ፤ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ሞተሩ በረደ ብዬ ሳስነሳው ደግሞ ሰማያዊ ጭስ ተፋብኝ፤ ዘይት ይበላል ማለት ነው። መሳይ ፊቱ ሲጠቁር አይቼ «አይዞህ» አልኩት፤ «ይሄ ሁሉ ይለወጣል። ወጪ ነው እንጂ ሰው አይገድልም።»

ከዚያ ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ሆዷ እንዳለ የደረቀ ጭቃ ነው። የፊት ግራ ጎማዋን የያዘው ብረት የማኪናዋ አጥንት የሆነው ሻንሲ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ጥቁር ቀለም ታብረቀርቃለች። ማንም የማያየውን ቦታ የሚቀባ ሰው ለውበት ብሎ አይቀባም። በካቻቢቴ ጫር ሳደርገው ቀለሙ ተላጠና ብየዳ ወጣ፣ ያውም የችኮላ ብየዳ። ሻንሲው አንድ ጊዜ ተሰብሮ ነበር።

«መሳይ፣ ይህችን አትግዛ» አልኩት እየተነሳሁ። «ይሄ ብየዳ ቁልቁለት ላይ ይከዳሃል። ጎማው ለብቻው ይሄዳል፣ አንተ ለብቻህ።»

ጉልላት አልተቆጣም። መሳይን ትከሻውን አቅፎ ወደ አጥሩ ወሰደው፤ አወሩ፣ አወሩ። መሳይ ሲመለስ ዓይኔን ማየት አቃተው።

«ጋሼ፣ ቅድም እኔ ክሪክ ላመጣ ስወጣ ኮሚሽን ጠይቀውት ነበር አሉ። እምቢ ስላለ ነው የሚያጣጥሉብኝ ይላል።»

እንግዲህ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እኔ ከሻጭ ተቀብዬ አውቃለሁ። እኔ የማውቀው መካኒክ ያልተቀበለ የለም፤ ገዢ ለምኖ ይወስድሃል፣ ሻጭ ኪስህ ውስጥ ይከትልሃል፣ አንተም ኮፈኑን ከፍተህ ዘግተህ «ደህና ናት» ትላለህ። መሳይም አንድ ሁለቴ በዓይኑ አይቷል። ለእሱ ግን አላደረግሁትም። በእሱ ላይ እንዴት አደርገዋለሁ? «ለሌላው አድርጌአለሁ፣ ለአንተ ግን አላደርግም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በሻጭ ፊት መዋረዴን ሳስብ ደሜ ፈላ። «እንዳሻህ» ብዬ ካቻቢቴን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ገዛት። እኔም አኮረፍኩ።

በእኛ ቤት ኩርፊያ ቀልድ አይደለም። አባቴ ከገዛ ወንድሙ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገር ኖሮ የታረቀው በሽማግሌ ነው። ታናሽ ታላቁን ካስቀየመ ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ይላል፤ ታላቅም ትንሽ ተግደርድሮ ይስመዋል። እኔ የምጠብቀው ያንን ነበር። አፀደ መጥታ «ልጅ ነው፣ እለፈው» ስትለኝ «ልጅ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ» ብዬ መለስኳት። ከፋት፣ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች።

ባጊዋ በየቀኑ በጋራዤ በር ታልፋለች። እኔ ማኪና የማውቀው በጆሮዬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። በሦስተኛው ሳምንት ጉድጓድ ስትገባ በግራ በኩል ሲጥ ማለት ጀመረች። ቆይቶ ሲጥታው ቀረና ቋ፣ ቋ መጣ። ብየዳው አፉን እየከፈተ መሆኑን እንደ ስሜ አውቄዋለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ አሮጌውን ቆርጬ፣ ወፍራም ላሜራ ደርቤ እንደገና ብበይደው ዳግመኛ አያስቸግረውም። ከእኔ የሚጠበቀው በር ላይ ወጥቶ እጅ ማንሳት ብቻ ነው። እኔ ግን ቋ ባለች ቁጥር በሆዴ «ይበልህ፣ አሁን ተንበርክከህ ትመጣለህ» እል ነበር። እንዲህ ነበር የምለው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መሳይ መጣ። ባጊዋ ጋራዤ በር ላይ ስትቆም በድምጿ ለየኋት። አንዲት ሚኒባስ ከትናንት ጀምሮ ሠርቼ ጨርሼ ባለቤቷን እየጠበቅሁ ነበር። ቶሎ ብዬ ካርቶኑን ሳብ አደረግሁና ከሚኒባሷ ሥር ገባሁ።

«ጋሼ» አለ። ጫማው ይታየኛል፤ አፈሩን በጫፉ ይጭራል። «ጋሼ ታረቀኝ፣ ደህና አደሩ?»

በመፍቻ ምንም ያልጎደለበትን ብረት መቀጥቀጥ ጀመርኩ። ብቻውን መምጣቱ ነው ያናደደኝ፤ ሽማግሌው የታለ? አንዴ ደግሞ «ጋሼ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጫማው ዞሮ ሄደ፤ ባጊዋም ቋ፣ ቋ እያለች ወደ ላይ ወጣች።

አምስት ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። እንግዶቹን አድርሶ ባዶዋን ይዞ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ የግራ ጎማዋ ተነቅሎ ሄደ፣ ተገለበጠች፣ የብረት ቱቦው እግሩ ላይ ተጫነ። ሐኪሞቹ እግሩን ለማትረፍ ሁለት ቀን ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

«ነግሮት ነበር እኮ» አለ ሰፈሩ ሁሉ። «በካቻቢቴ ጫር አድርጎ ነው ያሳየው፤ አልሰማ ብሎ ነው።» መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው እያስቆመ ይጨብጠኝ ጀመር። ሆስፒታል ስደርስ አፀደ ገና በሩ ላይ አንገቴን አቅፋ «ወንድሜ፣ አልሰማንህም፣ ይቅር በለን» እያለች አለቀሰች። ቤዛዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንሶላው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ወደዚያ ላለማየት ታገልኩ።

መሳይ ከስቷል። «ጋሼ፣ ሰውዬውን አምኜ እርስዎን ተጠራጠርኩ» አለ። «ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ነበር። ድምፅ አበዛችብኝ፣ እንዲያዩልኝ ብዬ። ማኪና ሥር ሆነው እየሠሩ ነበር፤ ጠራሁዎት፣ ከመፍቻው ጩኸት የተነሳ አልሰሙኝም። ሥራ ላስፈታዎት አልፈለግሁም። ስወርድ አገኝዎታለሁ ብዬ ወጣሁ።»

ቤዛዊት ቀና ብላ አየችኝ።

«አልሰሙትም ነበር?» አለች።

እሷን አየሁ፣ እህቴን አየሁ። አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

«ሥራ ይዤ ነበር» አልኩ። «አልሰማሁህም፣ የኔ ልጅ።»

መሳይ እጄን ስቦ ሳመው። እኔም እጄን አልነጠቅሁትም።